የማይከፈት ሃርድ ዲስክ፤ ስለ «ማውንት» ቃል ታሪክና ስለ ብልሽቱ አመረማመር

ለታሪክ ጥናት ወደ ገጠር ወጥተው ከአዛውንት አፍ ቃል የሚቀበሉ ተማሪዎች ዛሬ የቀዱትን ድምፅ የሚያኖሩት በኪስ በሚያዝ ሃርድ ዲስክ ነው። ተናጋሪው ካረፉ በኋላ ምስክርነታቸው የሚገኘው በዚያው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዲስኩ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ መብራቱ እየበራ ፋይሎቹ ሳይታዩ የቀሩ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሥራው እንደ ጠፋ ቆጥሮ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ ይላል፤ ይህም የከፋው ነው። እኛ የነገሩን ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው፣ በዲስክ ላይ የተጻፈው ቃልና ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንገዱ ሲበላሽም ቃሉ ደኅና ሊኖር መቻሉን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራማክ የሚባለውን የመጀመሪያውን የዲስክ መኪና ያወጣው በ1956 ነው። እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ቦታ ይፈጃል። ዲስኮቹ ከመኪናው አይወጡም ነበርና የትኛው ዲስክ እንደ ተጫነ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ይኸው ኩባንያ በ1962 ባለ ስድስት ዲስክ እሽግ ያለውን 1311 የተባለውን መኪና ባወጣ ጊዜ ነው። እሽጉ እየወጣ በሌላ ይተካ ስለ ነበር፣ አንሥቶ በዘንጉ ላይ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ አስፈለገ። ይህ የእጅ ሥራ በእንግሊዝኛ «ማውንት» ይባል ነበር፤ መጫን ማለት ነው።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ዩኒክስ በ1971 የመጀመሪያ መመሪያው ሲወጣ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ ተገኘ። በዚህ ሥርዓት «ማውንት» ማለት የዲስኩን የፋይል ማውጫ አንብቦ ከኮምፒውተሩ የፋይሎች ዛፍ ጋር እንደ ቅርንጫፍ ማያያዝ ነው። በእኛ አስተያየት የዛሬው ግራ መጋባት ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው እሽጉ ተጭኖ እንደሆነ በዓይኑ ያይ ነበር፤ ዛሬ ግን ኃይል ቢያንስ፣ ገመድ ቢላላ፣ የክፍሎች ሠንጠረዥ ቢጠፋ፣ ማውጫ ቢበላሽ፣ ለተጠቃሚው የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ዲስኩ የለም።

ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ ሊሄድ ይገባል። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ መሣሪያ የፈቀደው ኃይል 500 ሚሊ አምፔር ነበር፤ በ2008 የወጣው 3.0 ወደ 900 አሳደገው። ሞተር ያለው ዲስክ ሲነሣ ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላልና ገመዱን መለወጥ፣ ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ መሰካት፣ በሌላ ኮምፒውተርም መሞከር ይቀድማል። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ እየደጋገመ ቢያሰማ ግን ወዲያው ይነቀል፤ አንባቢው ራስ ተጎድቶ እንደሆነ እያንዳንዱ ዙር የተጻፈበትን ገጽ ሊፍቀው ይችላል።

ዲስኩ በኮምፒውተሩ የዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ከትክክለኛ መጠኑ ጋር ከታየ ጥርጣሬው ወደ ሠንጠረዡ ይዞራል። ፒሲ ዶስ 2.0 በ1983 ያመጣው የክፍሎች ሠንጠረዥ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ 64 ባይት ብቻ ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር እንኳ አይሞላም፤ ስንት ሺህ ገጽ ያለው ዲስክ የሚከፈተው በርሱ ነው! ዲስኩ ሳይሰናበት ሲነቀል ወይም በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ ይህ ሠንጠረዥ ወይም ከርሱ ቀጥሎ ያለው ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። ቆይቶ የመጣው ጂፒቲ ግን ሁለተኛ ቅጂውን በዲስኩ መጨረሻ ያኖራል፤ ቴስትዲስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም የጠፋውን ሠንጠረዥ ከዲስኩ ምልክቶች ፈልጎ መልሶ ይጽፋል። ደግሞ ምንም ብልሽት ሳይኖር በሊኑክስ የተዘጋጀ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ ቋንቋውን ስለማያውቀው ብቻ ፎርማት ይደረግ ብሎ ይጠይቃል። አላዋቂነቱን የዲስኩ ጥፋት አስመስሎ ማቅረቡ እኛን አያስደስተንም።

ማውጫው ራሱ የተበላሸ እንደሆነ፣ ከጥገናው በፊት ዲስኩ በሙሉ ዲዲሬስኪው በመሰለ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጥ፤ ጥገናውም በግልባጩ ላይ ይደረግ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴድ ኮዋልስኪ ለዩኒክስ የጻፈው ኤፍኤስሲኬ የተባለው መርማሪ ፕሮግራም ባለቤት ያጣውን ፋይል «ጠፍቶ የተገኘ» ተብሎ በተሰየመ ፎልደር ያስቀምጣል፤ የዊንዶውሱ ቼክዲስክም እንዲሁ ያደርጋል። ፋይሎቹ ግን ስማቸውን አጥተው በቁጥር ብቻ ይመጣሉ። ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቀን ብዙ ጊዜ በውስጡ ይዞ ይገኛል፤ የድምፅ ቅጂ ግን ተከፍቶ እስኪደመጥ ድረስ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጠያቂው መቅረጫውን ሲከፍት የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በቃሉ ተናግሮ የጀመረበት ቅጂ በመጀመሪያው ደቂቃ ይለያል። ሌላው በድምፅና በአነጋገር ብቻ የሚለይ ነው፤ ለዚህም ተናጋሪውን የሚያውቅ ሰው ከመንደሩ መፈለግ ያስፈልጋል።