ከሥር ወይስ ከጎረቤት? የስም ፍለጋ በተራራ አገር

«ዶት ኢቲ» የኢትዮጵያ መለያ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመንግሥት ኔትወርክ የሆነው ወረዳኔት ብዙ ወረዳዎችን በሳተላይት አገናኘ። እንደ ሊማሊሞ ላለ ገደላማ አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዋጋው ግን መዘግየት ነው። አንድ የስም ፍለጋ ጥያቄ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች ሳተላይት በኩል ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። የመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ሰርቨር (ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው) በሩት ሂንትስ፣ ማለትም በሩት ሰርቨሮች አድራሻ ዝርዝር፣ ከሥር ከጀመረ፣ መጀመሪያ ሩት ሰርቨርን፣ ቀጥሎ የዶት ኢቲን፣ በመጨረሻም የድርጅቱን ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሦስት ምልልስ። በፎርዋርዲንግ ግን ከሳተላይቱ ማዶ ያለ ሰርቨር ልፋቱን ይረከባል፤ አንድ ምልልስ ይበቃል። ለእንዲህ ያለ መስመር ፎርዋርዲንግ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ሩት ሂንትስ ግን አይጣልም፤ ፎርዋርደሩ ዝም ሲል መጠጊያው እሱ ነው። መታደስም አለበት፦ ከ13ቱ ሩት ሰርቨሮች የ«ዲ» አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የ«ኤች» በ2015፣ የ«ቢ» በ2017 እና በ2023 ተቀይሯል።