ከነፋስ ስልክ እስከ አማተር ሬዲዮ፤ የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ

የአንድ ሙያ ቃል ምን ያህል እንደሚያገለግል የሚታወቀው አንዱ ጠይቆ ሌላው ሲመልስ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ከሆኑ ቃል የጎደለውን እጅ ይሞላዋል፤ ዕቃውን በጣት ማመልከት ይቻላልና። በብዙ ኪሎ ሜትር ተለያይተው በሬዲዮ ሲነጋገሩ ግን ከቃል በቀር የሚይዙት ነገር የለም። ስለዚህም የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የመጠያየቅና የመመካከር ልማድ ለስያሜ ጥናት ጥሩ መፈተኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዘርፉ ቃላት በአማርኛ ያለፉበትን መንገድ ባጭሩ እንመለከታለን፤ ከዚያም ዛሬ በጉንችሬ ከተማ ያለ አንድ ተማሪ ጥያቄውን በአማርኛ ቢያቀርብ ቃላቱ የት ላይ ሊያሳስቱት እንደሚችሉ እናሳያለን።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያለው ሰው፣ ገንዘብ ሳይፈልግበት፣ ለዕውቀትና ለግል ዝንባሌው ሲል ጣቢያ አቁሞ ከመሰሎቹ ጋር የሚገናኝበት ሥራ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብም ትርጓሜውን የሚያቆመው በእነዚሁ ነጥቦች ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1912 አማተሮችን ከ200 ሜትር ወደሚያጥሩት ሞገዶች ሲያወርዳቸው፣ እነዚያ ሞገዶች ለሩቅ ግንኙነት አይረቡም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን አማተሮቹ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁና እየሞከሩ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ ሆነው አትላንቲክን አቋርጠው ተነጋገሩ። በ1925 ደግሞ ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው በፓሪስ ተቋቋመ። «አማተር» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መሠረቱ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ወዳጅ፣ አፍቃሪ» ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ በኪነትና በስፖርት በኩል ስለገባ «ገና ያልበሰለ ጀማሪ» የሚል ጥላ አጥልቶበታል። በሬዲዮ ሙያ ይህ ጥላ ሊኖር አይገባውም፤ አማተሩ ከተቀጣሪው ባለሙያ የሚለየው ባለመከፈሉ እንጂ ባለማወቁ አይደለምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመጀመሪያው ቃል «ስልክ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ «ሽቦ» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ መስመሩ ሲዘረጋ ሕዝቡ መሣሪያውን በሽቦው ስም ጠራው። ያለ ሽቦ የሚነጋገር መሣሪያ በመጣ ጊዜም አዲስ ቃል ከውጭ አላስመጣም፤ በእጁ ያለውን ይዞ «የነፋስ ስልክ» አለው። የቃሉን ሥር ለሚያውቅ ሰው ይህ «የነፋስ ሽቦ» ማለት ነው። መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ ከዚህ አሳጥሮ የሚገልጽ ስያሜ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ቃሉ ከሙያው ወጥቶ የሚኖረው በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ሰፈር ስም ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር «ሬዲዮ» የሚለው ቃል እየሰፋ ሄደ። ከየካቲት 1955 ዓ.ም. እስከ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያም አድማጩን ከአጭር ሞገድ ጋር ይበልጥ አላመደው። በዚህ ዘመን የተረጋጉት ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወገን ከጽሕፈት ቤትና ከማይክሮፎን የወጣው ነው፤ «አጭር ሞገድ»፣ «መካከለኛ ሞገድ»፣ «ሜትር ባንድ»፣ «ሥርጭት» የመሳሰሉት። ሁለተኛው ከአድማጩና ከጠጋኙ አፍ የወጣው ነው፤ «ድንጋይ»፣ «ባልቦላ»፣ «ስፒና»፣ «ኮረንቲ»፣ «ይንሿሿል»፣ «ይቆራረጣል» የመሳሰሉት። «ማዕበል» ለባሕር ሲቀር «ሞገድ» ለፊዚክስ መመደቡም የዚሁ ዘመን መልካም ፍሬ ነው፤ አንዱ ቃል ሌላውን ሳያፈናቅል ሁለቱም ሥራ አግኝተዋልና።

የአማተሮች ቋንቋ ግን ከዚህ ወንዝ አልተቀላቀለም። በፌዴሬሽኑ ዘመንና ከዚያ በኋላ በአሥመራ፣ በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የነበሩ አማተሮች «ኢ ቲ ሁለት»፣ በአዲስ አበባና በሌላው የአገሪቱ ክፍል የነበሩት ደግሞ «ኢ ቲ ሦስት» በሚል መነሻ ይጠሩ ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ «ኢ ቲ ሦስት ኤ ኤ» በሚል መጥሪያ ይታወቃል። የግንኙነቱ ቋንቋ በአመዛኙ እንግሊዝኛ ነው፤ አቋራጮቹም እ.ኤ.አ. በ1912 በለንደን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ስምምነት የጸደቁት የ«ኪው» ኮዶች ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለፊዚክስና ለኤሌክትሪክ ብዙ ስያሜ አበርክቷል፤ ሆኖም አንድ ጀማሪ ሽቦ ይዞ ሲቆም የሚጠይቀው ጥያቄ ከመዝገበ ቃላት በተለየ መልክ ይመጣል። ጉዳዩን በጉንችሬ ምሳሌ እናብራራው።

ጉንችሬ ከጉራጌ ተራሮች በስተምዕራብ ስትገኝ፣ ቡታጅራ ደግሞ በስተምሥራቅ ትገኛለች። በመካከላቸው 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰንሰለት ተጋርዷል። በሁለቱ ከተሞች ሁለት አማተሮች ጣቢያ ቢያቆሙ፣ ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ያለው የሁለት ሜትር ባንድ በቀጥታ የሚጓዝ ስለሆነ ተራራው ይጋርደዋል። የሚበጀው የ7 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ነው፤ ቀን ቀን ወደ ላይ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አዮኖስፌር ተንጸባርቆ፣ ተራራውን ተሻግሮ ይወርዳልና። እዚህ ላይ ጀማሪው «የአንቴናው ቁመት ስንት ይሁን?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት መልስ አለው። የሽቦውን ርዝመት ማለቱ ከሆነ፣ ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ በመካከሉ የተከፈለ የግማሽ ሞገድ ሽቦ በጠቅላላው 20 ሜትር ያህል ነው፤ በየጎኑ 10 ሜትር። ከመሬት ያለውን ልዩነት ማለቱ ከሆነ ግን፣ ለእንዲህ ያለ ቅርብ ግንኙነት ከ4 እስከ 10 ሜትር ይበቃል። «ቁመት» ሁለቱንም ስለሚያቅፍ፣ አንዱን ጠይቆ የሌላውን መልስ የተቀበለ ተማሪ ሽቦውን ያለ አግባብ ይቆርጣል፤ የተቆረጠ ሽቦ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ለሽቦው «ርዝመት»፣ ከመሬት ለሚለካው «ከፍታ» ብቻ እንዲባል እናሳስባለን።

ሁለተኛው ምሳሌ «ባትሪ» ነው። በአማርኛ ባትሪ የእጅ መብራትም ነው፣ የመኪናም ነው፤ ለትንንሾቹ ደረቅ ሕዋሶች ሕዝቡ «ድንጋይ» የሚል የራሱ ቃል አለው። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ ስምንቱ ሲቀጠሉ 12 ቮልት ይሆናሉ፤ በቮልት ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ከመኪና ባትሪ ጋር እኩል ናቸው ይላል። ይሁን እንጂ 100 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ በሚናገርበት ጊዜ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህን ድንጋዮች ሊሰጡ አይችሉም። «ድንጋይ» የገጠር ቃል ነው ተብሎ ከሙያ መዝገብ ቢፋቅ ይህ ልዩነት አብሮ ይፋቃል። ሕዝቡ የለየውን ምሁሩ መልሶ ማደባለቅ የለበትም።

ሦስተኛው «ባልቦላ» ነው፤ ከሁሉም ይልቅ አደጋ ያለበት። የጣሊያንኛው ቃል ቧንቧ ውስጥ ያለውን መክፈቻና መዝጊያ፣ የአሮጌ ሬዲዮን የመስታወት ቫልቭ፣ እንዲሁም ኮረንቲ ሲበዛ ቀልጦ መስመር የሚቆርጠውን ዕቃ ያጠቃልላል። አማርኛ ከሦስቱ የተቀበለው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ «ቫልቩን ለውጥ» የሚለውን ምክር «ባልቦላውን ለውጥ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ተማሪውን ወደ ሌላ ዕቃ ይመራዋል። በቫልቭ የሚሠራ ማሰራጫ በውስጡ ብዙ መቶ ቮልት፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይይዛል፤ ከተዘጋም በኋላ በውስጡ የተከማቸው ኃይል ወዲያው አይጠፋም። እዚህ ላይ የተርጓሚ ስሕተት በሰው ሕይወት ይመጣል። «ባልቦላ» በያዘው ትርጉም እንዲጸና፣ ለመስታወቱ ዕቃ «ቫልቭ» እንዲባል እንመክራለን።

አራተኛው የድምፅ መበላሸት ስሞች ናቸው። የ«ኪው» ኮድ በዚህ ረገድ ሦስት ነገር ይለያል፤ «ኪው አር ኤም» ከሌላ ጣቢያ የሚመጣ፣ «ኪው አር ኤን» ከመብረቅና ከተፈጥሮ የሚመጣ፣ «ኪው ኤስ ቢ» ደግሞ የሞገዱ ብርታት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። አድማጩ ሁሉንም «ሬዲዮው አስቸገረ» ቢልም፣ ቀረብ ብሎ ለጠየቀው ሰው «ሌላ ገባበት»፣ «ይንኮሻኮሻል»፣ «ይጠፋል ይመጣል» ብሎ ይለያቸዋል። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው ሞገድ ይቀየራል፣ ለሁለተኛው በተለይ በክረምት አንቴናው ተነቅሎ ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ይጠበቃል፣ ለሦስተኛው መልእክት ይደገማል። «ጣልቃ ገብነት»፣ «መንኮሻኮሽ»፣ «መዋዠቅ» የሚሉት ሦስት ቃላት ቢመደቡላቸው፣ ጥያቄው በተጠየቀበት ቅጽበት የመልሱ ግማሽ ይገኛል።

በመጨረሻ ስለ መሰማት እናንሣ። በአማተር ሬዲዮ ንግግር በአብዛኛው የሚያልፈው የድምፅ ስፋት ከ3 ሺህ ኸርዝ አይበልጥም፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ጉልበት ደግሞ በብዛት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስያሜዎች ለዚህ ሙያ አይመቹም። ፊደል መቁጠር ሲያስፈልግ ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ «አልፋ፣ ብራቮ» እያለ ይቆጥራል። የአገራችን የፊደል መምህራን ግን ድምፃቸው የገጠመውን ፊደላት «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ» እያሉ ሲለዩ ኖረዋል። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው ፊደል ቢሟላ ለአማርኛ ግንኙነት የተዘጋጀ መሣሪያ ይሆናል። የጉንችሬ አካባቢ ሰው አፉን የፈታው በእኖርኛ ነው፤ እኖርኛም በአፍንጫ የሚነገሩ አናባቢዎች አሉት። ስለዚህ አንድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት በሚናገሩ ሰዎች አፍና ጆሮ መፈተን ይኖርበታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገብም ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሕግም መመሪያም ቃል ይፈልጋል። ከላይ ካየነው የሚወጣው መርሕ አጭር ነው። ሕዝቡ የለየውን ልዩነት መጠበቅ፤ አንድ ቃል ሁለት ጥያቄ የሚሸከም ከሆነ ሸክሙን ማካፈል፤ የባዕድ ቃል በጠጋኙ አፍ ትርጉሙ ከጸና በግእዝ ቃል ለመተካት አለመጣደፍ። የነፋስ ስልክን የሰየሙት ሰዎች ያዩትን ነገር ባወቁት ቃል ተናገሩ እንጂ ጉባኤ አልጠበቁም። የስያሜ ጉባኤ ተግባር እንዲህ ያለውን ቃል ፈልጎ መመዝገብና ወሰኑን ማበጀት ነው፤ ይህ ሲደረግ የጉንችሬው ተማሪ ከተራራው ማዶ ላለው ጓደኛው የሚያቀርበው ጥያቄ ሳይዛባ ይደርሳል፣ መልሱም ሳይዛባ ይመለስለታል።