ከምሽግ ድብደባ ወደ ዋልታ ባሕር

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዋልታ ባሕሮች አሰሳ ታሪክ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ የመርከቦቹ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 «ቴረር»፣ በ1826 «ኤረበስ» የተሠሩት ከባድ ሞርታር ተሸክመው ምሽግ እንዲደበድቡ ነበር። የተኩሱን የኋልዮሽ ግፊት እንዲችል የተጠናከረው አካላቸው የበረዶንም ግፊት ለመቋቋም የሚመች ሆኖ ተገኘ። ጄምስ ክላርክ ሮስ በእነዚሁ መርከቦች ወደ ደቡብ ዘልቆ በ1841 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ባሕር አገኘ።

በ1845 መርከቦቹ ከባቡር መጎተቻ የተወሰደ የእንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸው፣ በሰር ጆን ፍራንክሊን መሪነት የሰሜን ምዕራቡን የባሕር መተላለፊያ ፍለጋ ተላኩ። በ1846 በኪንግ ዊሊያም ደሴት አጠገብ በረዶ ያዛቸው። ጽኑው አካል ግፊቱን ቻለ፤ ሞተሩ ግን ከበረዶው ሊያወጣቸው አልቻለም። በ1848 በሕይወት የቀሩት 105 ሰዎች መርከቦቹን ለቀው በእግር ተጓዙ። ከ129ኙ ተጓዦች ወደ አገሩ የተመለሰ አንድም የለም።

ባሕር ኃይሉ እነርሱን ፍለጋ የላካቸው መርከቦች የአርክቲክን ደሴቶች ካርታ በሰፊው አስፋፉ። የሰጠሙት መርከቦች በ2014 እና በ2016 ሲገኙ ግን መንገድ የጠቆመው የአገሬው የኢኑዊት ሕዝብ ቃል ነበር። ይህ ሕዝብ በዚያው ቅዝቃዜ በአደን እየኖረ ትውልድ ተክቷል። መሐንዲስ መርከቡን ለበረዶ ሲያዘጋጅ፣ ሰውም በበረዶው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ነዋሪውን መጠየቅ ይገባዋል።