በኡራኤል አጥቢያ ስለተመከረው የነጐድጓድ ነገር ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ታላላቆቹ መንግሥታት ከአህጉር ወደ አህጉር የሚወነጨፍ የአቶም መሣሪያ ባበጁ ጊዜ ኢትዮጵያ በጉባኤ የተናገረችውን፣ በአዲስ አበባ በኡራኤል አጥቢያም የተመከረውን እንጽፋለን። ቅዱስ ኡራኤል በመጽሐፈ ሄኖክ በነጐድጓድና በመንቀጥቀጥ ላይ የተሾመ መልአክ ነውና ስፍራው ለነገሩ ይስማማል። ከደብሩ በስተምዕራብ ያለው ሰፈር ካሳንቺስ ይባላል፤ ስሙም ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ቀርቷል።

የነገሩም ሥር ከዚያው ከጣልያን ይነሣል። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይጣል ከፈረሙት አንዷ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ግን ያንኑ መርዝ በአውሮፕላን እንደ ዝናብ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በማሳ ላይ አወረደችው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ወርደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ የሚደርስላቸውም አልተገኘም። ዘብ የሌለው ፊርማ ምን ያህል እንደሚያድን ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ዐወቀች።

ከዚህም በኋላ በነሐሴ 1949 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ወነጨፈች፤ አሜሪካም አትላስ የተባለውን አበጀች። የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ፈረንሳይ በሰሐራ በረሓ፣ ሬጋን በሚባል ስፍራ፣ 70 ኪሎቶን ያህል ኃይል ያለው ቦምብ አፈነዳች። አፍሪካም ሳትጠየቅ የሰው መሣሪያ መፈተኛ ሆነች።

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ አጸደቀ። ሐሳቡን ይዘው ከቀረቡት 12 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ቃሉም የ1917ቱን የጄኔቫ ውል ጠቅሶ፣ በአቶም መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ያውጃል። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ሶቪየት ከደጋፊዎቹ ጋር ሆነች። በአስመራ ቃኘው የተባለ የጦር ጣቢያ የነበራት የኢትዮጵያ ወዳጅ አሜሪካ ግን ተቃወመች፤ ኢጣልያም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቆመች።

መጋቢት 5 ቀን በዚያችው ጄኔቫ የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ተከፈተ። 18 መንግሥታት ቢጠሩም ፈረንሳይ ስለቀረች 17ቱ ተቀመጡ፤ ከሁለቱም ጎራ ካልወገኑት ስምንት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአቶም ሙከራን ለማገድ በተነሣው ነገር ጠቡ በፍተሻ ላይ ነበር። አሜሪካ «ገብቼ ካላየሁ አላምንም» ስትል፣ ሶቪየት «ፍተሻሽ ስለላ ነው» አለች። ስምንቱም ሚያዝያ 8 ቀን የጋራ ማስታወሻ አቀረቡ፦ የሳይንስ ሊቃውንት ኮሚሽን ይቋቋም፣ በየአገሩ ያሉት መከታተያ ጣቢያዎች ወሬውን ለእርሱ ይስጡ፣ አጠራጣሪ ነገር ሲገኝም ኮሚሽኑ በቦታው ተገኝቶ እንዲያይ ይጋበዝ አሉ። ፊርማው ዘብ እንዲኖረው ነው።

ይህም ሳይያዝ በጥቅምት 1955 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ሶቪየት በኩባ ሚሳይል ስትተክል ተገኘች፤ ዓለምም 13 ቀን በጭንቅ ሰነበተ። አሜሪካም በኢጣልያ 30፣ በቱርክ 15 ጁፒተር ሚሳይሎች ተክላ ነበር። ሶቪየት የኩባውን ነቀለች፤ በስውር በተደረገ ስምምነትም የቱርኮቹ ሚሳይሎች ተነሡ፤ የኢጣልያዎቹም ተከተሉ።

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በካሳንቺስ አጠገብ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው በአፍሪካ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አዳራሹን የነደፈው አርቱሮ መዘዲሚ የሚባል ኢጣልያዊ ነው። በውስጡ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ሥዕል ቆሟል፤ ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ከመስተዋቱ ወርዶ በቆመው ሰው ልብስ ላይ ሳይቀር ይታያል። መሪዎቹም የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፣ አፍሪካ ከአቶም መሣሪያ ነጻ ቀጣና ትሁን፣ ፍንዳታውም ይቁም ብለው ወሰኑ።

ሐምሌ 29 ቀን ታላላቆቹ በሞስኮ የሙከራ እገዳ ውል ፈረሙ። በፍተሻው ነገር ስላልተስማሙ ግን ከምድር በታች የሚፈነዳውን ተዉት። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ የአፍሪካ መሪዎች በካይሮ ተሰብስበው የግንቦቱ ቃል ውል ይሁን አሉ።

ውሉም ዘገየ። በመካከሉ ደቡብ አፍሪካ 6 ቦምቦች ሠርታ ኋላ ራሷ አፈረሰቻቸው። ከፕሪቶሪያ አጠገብ ባለው የአቶም ምርምር ስፍራ ስም ፔሊንዳባ የተባለው ውል ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በካይሮ ተፈረመ፤ ሐምሌ 8 ቀን 2001 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ጸና። ከ1956ቱ የካይሮ ቃል 45 ዓመት ሆነ።

የታላላቆቹ ሚሳይሎች ዛሬም በየጕድጓዳቸው ቆመዋል፤ ቁጥር 1653ም አላስገደዳቸውም። በአፍሪካ ግን ውሉ ያጸደቁትን የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ መርማሪዎች ገብተው እንዲያዩ ያስገድዳል። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ያልተገኘው ዘብ ይኸው ነው።