«ወሳኝ ምት» ወይስ «የቀና ምት»? የመሣሪያና የጨዋታ ቃላት ታሪክ ከጅጅጋ ሜዳ

አንድ ባዕድ ስያሜ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚነሣው ጥያቄ «ቃሉ ምን ማለት ነው?» የሚል ብቻ አይደለም። «ቃሉ የሚጠራው ነገር በአገራችን አለ ወይ? ካለስ በየትኛው ሕዝብ አፍ፣ በምን ስም ይጠራል?» የሚሉት ጥያቄዎችም አብረው ይነሣሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳንጠይቅ ያለፍንበትን አንድ አጋጣሚ መነሻ በማድረግ፣ የጥቂት ቃላትን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ እንሞክራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጨዋታ ስያሜዎችን ወደ አማርኛ ለመመለስ በተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ላይ ሠርተን ነበር። ከስያሜዎቹ መካከል ሁለቱ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ወክለው፣ ውጊያውን ዳይስ በሚባለው የዕጣ ጠጠር ከሚወስኑበት የተረት ጨዋታ የመጡ ናቸው። «ክሪቲካል ሂት» የተባለውን «ወሳኝ ምት»፣ «ዌፐን ባላንስ» የተባለውን ደግሞ «የመሣሪያ ሚዛን» ብለን አሰፈርን። ሁለቱም ትርጉሞች በመዝገበ ቃላት ሲመረመሩ እንከን አይወጣላቸውም። ጉድለታቸው የታየን ለሌላ ሥራ ጅጅጋ ሄደን፣ ከዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ በተሰመረ ገበታ ሻሕ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን ቁመን በተመለከትን ጊዜ ነው።

1. መሣሪያው

ከጨዋታው በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1855 መባቻ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ከተማይቱ የደረሰው በጅጅጋ አካባቢ ያለውን የመራር ሜዳ አቋርጦ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የሶማሌ ተዋጊ የሚይዛቸውን መሣሪያዎች ዘርዝሯል። ተዋጊው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጦር ይይዛል፤ ቀላሉ ይወረወራል፣ ከባዱ ከእጅ ሳይወጣ ይወጋበታል። በወገቡ ሁለት በኩል ስለት ያለው ጩቤ ይታጠቃል፤ በግራው ትንሽ ክብ ጋሻ ይይዛል።

የመሣሪያዎቹ ስም ለቋንቋ ተመራማሪ ከመሣሪያዎቹ ያላነሰ ነገር ይናገራል። በሶማሊኛ ጋሻው «ጋሻን» ነው፤ ከአማርኛው «ጋሻ» ጋር ያለው ዝምድና ማስረጃ አይሻም። ጦሩ «ወረን» ነው፤ በኦሮምኛ «ወራና» የሚለው ቃል ጦርንም ጦርነትንም ይጠራል። ጩቤው ደግሞ «ቢላዌ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚታሰበው የወጥ ቤቱ ቢላዋ ነው። አንድ ቃል በአንደኛው ቋንቋ ከጦረኛ ወገብ፣ በሌላው ከሽንኩርት መክተፊያ ጎን ተገኝቷል። እንግዲህ የተረት ጨዋታውን የመሣሪያ ዝርዝር የሚተረጉም ሰው «ዳገር» የሚለውን «ቢላዋ» ቢለው፣ የአዲስ አበባ አንባቢ ይሥቃል፤ የቀብሪበያህ ወይም የቶግ ውጫሌ አንባቢ ግን አይሥቅም።

ከበርተን ዝርዝር የምንይዘው ሌላም ነገር አለ። በሁለቱ ጦሮች መካከል ያለው ልዩነት የብርታት ብቻ አይደለም። ቀላሉ ጦር ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ከባዱ ቅርብ ብቻ ይደርሳል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የጨዋታ ደራስያን «ባላንስ» የሚሉት ይህንኑ ነው። «ሚዛን» ያልነው ስሕተት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ «የመሣሪያ ሚዛን» ሲባል ገበያ የለመደ ሰው የሚረዳው የብረቱን ክብደት ነውና።

2. ሻሕ

ሻሕ በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ በስፋት የሚታወቅ የገበታ ጨዋታ ነው። ገበታው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰመሩ ሦስት አራት ማዕዘኖች ሲሆን 24 ማረፊያዎች አሉት። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይዞ ተራ በተራ ይደረድራል፤ ድርደራው ሲያበቃ ገበታው ሞልቶ አንድም ባዶ ስፍራ አይቀርም። ሦስት ጠጠሮችን በአንድ መስመር ማሰለፍ «ጃሬ» ይባላል።

በድርደራው ጊዜ ጃሬ የሠራ ተጫዋች ወዲያው አይገድልም። የሚያገኘው መብት ድርደራው ካለቀ በኋላ ከባላጋራው ጠጠር አንዱን ቀድሞ ማንሣት ነው። ከዚያ በኋላ ባላጋራውም በፈንታው አንድ ያነሣና እንቅስቃሴው ይጀመራል። በድርደራው ማንም ጃሬ ካልሠራ ቀድሞ የሚያነሣው ሁለተኛ ሆኖ መደርደር የጀመረው ነው። ከዚህ በኋላ አዲስ ጃሬ በተሠራ ቁጥር አንድ የባላጋራ ጠጠር ይነሣል። መሄጃ ያጣ ባላጋራ ሲኖር ደግሞ ሌላው ራሱ ተንቀሳቅሶ መንገድ ይከፍትለታል፤ በዚያች እርምጃ ጃሬ ቢሠራም አያነሣባትም።

በሻሕ የጠጠር ታላቅና ታናሽ የለም። 24ቱም እኩል ናቸው፤ ዕጣም የለበትም። ታዲያ የምቱ ኃይል ከየት ይመጣል? ከአቀማመጥ ነው። ከአቀማመጦች ሁሉ የሚፈራው አንድ ጠጠር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች በየተራው ጃሬ የምትሠራበት ነው። ይህም «ኢርማን» ይባላል። ቃሉ በከብት አርቢው ኑሮ የምትታለብ፣ ወተት ያላት እንስሳ ማለት ነው። ጠዋት ታልባ ማታ ደግሞ እንደምትሰጥ ግመል፣ ይህም አቀማመጥ በየተራው ይሰጣል። ከአርቢ ሕዝብ በቀር ይህን ስም ሊያወጣ የሚችል የለም።

የቃሉን አጻጻፍ በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። ሶማሊኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ የ«ሻሕ» የመጨረሻ ድምፅ የጉሮሮው «ሐ» ሲሆን፣ የሚወከለው እንግሊዝኛ «ኤክስ» በሚለው ፊደል ነው። «ሻክስ» ብሎ የሚገለብጥ ተርጓሚ በየትኛውም ሶማሌ አፍ የሌለ ቃል ይፈጥራል።

3. ሰንጠረዥ

ከጅጅጋ ሜዳ ወደ ደጋው ስንወጣ በመኳንንትና በነገሥታት ግቢ ይዘወተር የነበረውን ሰንጠረዥ እናገኛለን። የጨዋታውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1868 የታተመው የዋልተር ፕላውደን መጽሐፍ ገልጾታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን አጥንተው አቅርበዋል። ከሻሕ በተቃራኒ የሰንጠረዥ ጠጠሮች ኃይል እኩል አይደለም። ደር በቀጥታ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ፈረስ ይዘላል፤ ፊል በማዕዘን ሁለተኛው ስፍራ ላይ ብቻ ያርፋል፤ መደቅ አንድ አንድ ይራመዳል። በመክፈቻው፣ ማለትም «ወረራ» በተባለው ክፍል፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደ ፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ።

የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት የኃይሉን አለመመጣጠን ያካካሱት በክብር ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊሎች ወይም በመደቅ የገደለ ግን ይሞገሳል። ብርቱ መሣሪያ የያዘ ቀላል ድል፣ ደካማ መሣሪያ የያዘ ታላቅ ስም ያገኛል። እዚህ ላይ ጨዋታውን የሚጨርሰው ምት በእውነት ወሳኝ ነው። «ወሳኝ» ከ«ወሰነ» የወጣ ነውና፣ ወሰን ያበጃል፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ምት የለም።

4. የዕጣ ጠጠሩ

አሁን ወደ ባዕዱ ጨዋታ እንመለስ። በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በመጀመሪያ መልኩ መሣሪያን ሁሉ እኩል አድርጎ ነበር፤ ጩቤም ሆነ በሁለት እጅ የሚያዝ ሰይፍ የሚያደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 6 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ልዩነት አበጀ፤ ለጩቤ ከ1 እስከ 4፣ ለሰይፍ ከ1 እስከ 8፣ በሁለት እጅ ለሚያዘው ከ1 እስከ 10 ሰጠ።

በዚያው በ1975 ሌላ ጨዋታ ታተመ። ደራሲው ኤም. ኤ. አር. ባርከር የሙያ ባልደረባችን፣ የክላማትን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ የቋንቋ ምሁር ነበር። በእርሱ ደንብ ባለ ሃያ ገጹ የዕጣ ጠጠር 20 ሲወጣ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ እንደገና ተጥሎ 19 ወይም 20 ቢደገም ባላጋራው ይሞታል። ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ዓይነት ደንብ አልተቀበለም፤ ለጀግናው የተሰጠ ዕጥፍ ምት ለጭራቁም ሊሰጥ ይገባልና። ይሁን እንጂ ደንቡ ተስፋፋ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም የደረሰበትን ስሌት ማየት ይጠቅማል። ረጅሙ ሰይፍና የጦር መጥረቢያው ሁለቱም ከ1 እስከ 8 ይጎዳሉ፤ አማካዩ 4.5 ነው። ሰይፉ በ19 እና በ20 እጥፍ ይጎዳል፤ መጥረቢያው በ20 ብቻ፣ ግን ሦስት እጥፍ ይጎዳል። የማረጋገጫውን ሁለተኛ ጣይ ወደ ጎን ትተን፣ ሃያውም ገጽ አንድ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሁሉም ቢያገኝ መነሻው ጉዳት 90 ነው። ሰይፉ ሁለት ጊዜ 4.5፣ መጥረቢያው አንድ ጊዜ 9 ይጨምራል። ሁለቱም 99 ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ቶሎ ቶሎ ጥቂት፣ ሌላው አልፎ አልፎ ብዙ ይሰጣል። ይህ የበርተን ሁለት ጦሮች ነገር ነው።

5. የስያሜው ጉዳይ

ከላይ የተመለከትናቸው ሦስት ጨዋታዎች የምትን ኃይል ከሦስት ቦታ ያመጡታል። ሻሕ ከአቀማመጥ፣ ሰንጠረዥ ከመሣሪያውና ከተጫዋቹ ጥበብ፣ ባዕዱ ጨዋታ ከዕጣ። ዕጥፍ ጉዳት ያደረሰ የዕጣ ምት ብዙ ጊዜ ምንም አይወስንም፤ ጭራቁ ቆስሎ ውጊያው ይቀጥላል። ስለዚህ «ወሳኝ» ልንለው አይገባም። «እጥፍ ምት» እንዳንል ሦስት እጥፍ አለ፤ «ገዳይ ምት» እንዳንል ሁልጊዜ አይገድልም።

አማርኛ ግን ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። አዳኝ ሲወጣ «ይቅናህ» ይባላል፤ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ «ቀናው» ይባላል። «ቀና» ሳይጎብጥ ቀጥ ማለትንም፣ ዕድል መግጠሙንም በአንድ ግሥ ይይዛል። ዕጣውና ዒላማው በአንድ ቃል ተገናኝተዋል። በመሆኑም በረቂቁ ላይ ያሰፈርነውን ሠርዘን የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ሻሕ፦ በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ በ24 ማረፊያዎችና በሁለት ወገን 12፣ 12 ጠጠር የሚካሄድ የገበታ ጨዋታ።
ጃሬ፦ በሻሕ፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ጠጠሮች።
ኢርማን፦ 1. የምትታለብ እንስሳ፤ 2. በሻሕ፣ በየተራው ጃሬ የሚያስገኝ አቀማመጥ።
ወሳኝ ምት፦ ጨዋታን ወይም ውጊያን የሚጨርስ ምት።
የቀና ምት፦ በዕጣ መልካምነት ከመደበኛው በላይ የሚጎዳ ምት።
የመሣሪያ ተመጣጣኝነት፦ የአንዱ መሣሪያ ብልጫ በሌላ ጉድለቱ የሚካካስበት አሠራር።

ከስድስቱ ሦስቱን ያገኘናቸው ከሽማግሌዎቹ ነው። የባዕድ አገር ተረት ጨዋታን ቃል ለመመለስ ስንደክም፣ በጅጅጋ፣ በአውበሬና በሽንሌ ጥላ ሥር በየቀኑ የሚነገሩትን በአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራችን ሳንመዘግባቸው ቆይተናል። ባዕዱ ስያሜ በመጽሐፍ ታትሞአልና ይጠብቀናል፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ግን በሽማግሌዎቹ ዕድሜ ልክ ነው። በክልሉ የሚገኙ ተርጓሚዎችና መምህራን የቀሩትን የሻሕ ቃላት ከነአነጋገራቸው እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።