ከዳገት እስከ ወንዝ አፍ፤ የዶውሮ ሸለቆ ወይን አምራቾች ታሪክ

በሰሜን ፖርቱጋል የሚገኘው የዶውሮ ሸለቆ በወይን ጠጅ ምርቱ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። የዶውሮ ወንዝ ከስፔን ተነሥቶ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በፖርቶ ከተማ አጠገብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። "ፖርት" የሚባለው ዝነኛ ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘውም ከዚህች የወደብ ከተማ ነው። ይሁንና ወይኑ በፖርቶ አይበቅልም። የሚበቅለው ከወደቡ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ተራራማ አካባቢ ነው። ገበሬው ዳገቱ ላይ ነው፤ ገዢው ነጋዴ ወንዙ አፍ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የተነሣው የዋጋና የስም ክርክር ከ250 ዓመታት በላይ ዘልቋል፤ አሁንም አላበቃም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱና ሥራው

የዶውሮ ዳገት በተፈጥሮው ለእርሻ የሚመች አይደለም። መሬቱ ሺስት የሚባል በንብርብር የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። የቀድሞዎቹ ገበሬዎች ድንጋዩን በዶማ፣ በብረት ዘንግና በባሩድ እየፈለጡ ጠርበው እርከን ሠሩበት፤ የተፈለጠውን ድንጋይ ያለ ጭቃ ክበው በካቡ ጀርባ አፈር ሞሉ። የወይኑ ሥር በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች ጠልቆ እየገባ ውኃ ይፈልጋል። በምዕራብ በኩል ያለው የማራው ተራራ የውቅያኖሱን ዝናብ ስለሚያግድ፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ዝናቡ እየቀነሰ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። የአካባቢው ሰው አየሩን "ዘጠኝ ወር ክረምት፣ ሦስት ወር ገሃነም" ይለዋል። በድንጋይ ካብ ተራራን ማረስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የኮንሶን እርከን ላየ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሁለቱም አካባቢዎች በሰው እጅ በተሠራ መልክዓ ምድራቸው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ዶውሮ በ2001፣ ኮንሶ በ2011።

በሸለቆው የሚበቅሉት የወይን ዝርያዎች በርካታ ናቸው። ከቀዮቹ መካከል ቱሪጋ ናሲዮናል፣ ቱሪጋ ፍራንካ፣ ቲንታ ሮሪዝ፣ ቲንታ ባሮካና ቲንቶ ካው ይጠቀሳሉ። ቱሪጋ ናሲዮናል ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ምርቱም አነስተኛ ነው፤ በቀለሙና በመዓዛው ግን ከሁሉም ይከበራል። በድሮ ማሳዎች ዝርያዎቹ ተደበላልቀው ይተከሉ ነበር። ይህ ከእውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም፤ አንዱን ዝርያ በሽታ ወይም ድርቅ ቢመታው ሌላው እንዲተርፍ ነው።

መኸሩ በመስከረም ይጀመራል። የተለቀመው ዘለላ ላጋር በሚባል ሰፊ የጥርብ ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይገለበጥና ሰዎች ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። ረጋጮቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያህል በቁጥር ትእዛዝ እኩል እየረገጡ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ተከፍቶ እንደ ልባቸው ይጨፍራሉ። የሰው እግር ቆዳውን ጨፍልቆ ቀለሙን ሲያወጣ ፍሬ ውስጥ ያለውን መራራ ዘር አይሰብርም። ዛሬ አብዛኛው ምርት በማሽን ይጨመቃል፤ ለምርጥ ወይን ጠጅ ግን በእግር የሚያስረግጡ እርሻዎች አሁንም አሉ።

ጭማቂው ብዙም ሳይቆይ ይፈላል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ጠጅ የጠመቀ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የፖርት ልዩነቱ ስኳሩ ሳያልቅ ፍላቱ እንዲቆም መደረጉ ነው። ለ435 ሊትር ጭማቂ 115 ሊትር ያህል ከወይን የወጣ፣ የአልኮል መጠኑ 77 በመቶ የሆነ ጠንካራ አረቄ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ እርሾው ይሞትና ጣፋጭነቱ ይቀራል፤ የአልኮሉ መጠንም ከ19 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 550 ሊትር ወይም አንድ "ፒፓ" ይሆናሉ። ፒፓ በርሜል ማለት ሲሆን፣ በሸለቆው ዋጋም ሆነ ኮታ እስከ ዛሬ የሚለካው በእርሱ ነው።

ስም የማስከበር ጅማሮ

ወይን በሸለቆው ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ይመረት ነበር። ትልቅ ንግድ የሆነው ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ በመጋጨታቸው ነው። በ1703 በተፈረመው የሜቱየን ውል መሠረት የፖርቱጋል ወይን ጠጅ እንግሊዝ ሲገባ የሚከፍለው ቀረጥ ከፈረንሳዩ በአንድ ሦስተኛ እንዲያንስ ተደረገ። ፍላጎቱ ናረ፤ እርሻው ሰፋ፤ ማጭበርበሩም አብሮ መጣ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ርካሽ ወይን ይቀላቀልበት ጀመር። ቀለሙ እንዲደምቅ ኤልደር የሚባል ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ ይጨመርበት ነበር። በ1750ዎቹ አጋማሽ በፖርቶ የነበሩት የእንግሊዝ ነጋዴዎች ጥራቱ ወርዷል ብለው መግዛት ሲያቆሙ ዋጋው ወደቀ። ገበሬዎቹ በበኩላቸው ያበላሹት ራሳቸው ነጋዴዎቹ ናቸው አሉ። ሁለቱም ወገኖች በከፊል እውነታቸውን ነበር።

ጉዳዩ በንጉሡ ዘመን ኃያል ሚኒስትር ወደነበሩት፣ በኋላ ማርኪስ ደ ፖምባል ተብለው ወደታወቁት ሰው ዘንድ ቀረበ። እርሳቸውም በመስከረም 1756 የላይኛው ዶውሮ ወይን እርሻ ኩባንያን አቋቋሙ። ኩባንያው ዋጋ ይተምናል፤ ጥራት ይመረምራል፤ የትኛው ወይን ወደ ውጭ እንደሚላክ፣ የትኛው አገር ውስጥ እንደሚቀር ይወስናል። የሸለቆው ወሰንም ተለክቶ እስከ 1761 ባሉት ዓመታት 335 የጥርብ ድንጋይ ምሰሶዎች ተተከሉ። ከምሰሶው ውጭ የበቀለ ወይን በዶውሮ ስም ወደ ውጭ አይላክም። የኤልደሩ ቁጥቋጦም ተነቅሎ እንዲጠፋ ታዘዘ። ፖርቱጋሎች ይህን በዓለም የመጀመሪያው የተከለለ የወይን አካባቢ ነው ይላሉ። የሀንጋሪው ቶካይና የጣሊያኑ ኪያንቲ ከዚያ ቀደም ብለው ስለተከለሉ "የመጀመሪያው" መባሉ ያከራክራል። ወሰንን፣ ዋጋንና የጥራት ቁጥጥርን በአንድ ድርጅት ሥር በማዋል ግን ዶውሮን የሚቀድም ማግኘት ያስቸግራል።

ኩባንያውን የገበሬ ማኅበር አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። አክሲዮኑ በባለጸጎች እጅ ነበር፤ አነስተኛው ገበሬ ድምፅ አልነበረውም። ኩባንያው በፖርቶ መጠጥ ቤቶች የሚሸጠውን ወይን ጠጅ ብቻውን እንዲያቀርብ በመፈቀዱ በየካቲት 1757 የከተማው ሕዝብ አመፀ። አመፁ በኃይል ታፍኖ ከ20 በላይ ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ለገበሬው ዋጋ ለማስከበር ተቋቋመ የተባለው ድርጅት የድሃውን ጽዋ በማስወደድ ነው ሥራውን የጀመረው። ቢሆንም የወይኑ ጥራት ተመለሰ፤ ዋጋውም ተረጋጋ። ኩባንያው በ1834 ልዩ መብቱን ሲነጠቅ ያንን ዘመን የናፈቁ ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም።

ወንዙና ተባዩ

ባቡር ከመምጣቱ በፊት በርሜሉ ሁሉ የሚጓጓዘው በወንዙ ነበር። ራቤሎ የሚባሉት ጠፍጣፋ ሆድ ያላቸው የእንጨት ጀልባዎች ድንጋያማውን ፏፏቴ እየዘለሉ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ ወደሚገኙት የነጋዴ መጋዘኖች ይወርዱ ነበር። ከሁሉም አስፈሪ የነበረው ካሻው ዳ ቫሌይራ የተባለው ጠባብ ስፍራ ነው። ወንዙን የዘጋው አለት ከ1780 እስከ 1792 ተሰብሮ መተላለፊያ ቢከፈትም አደጋው አልቀረም። የሸለቆውን ካርታ ያነሡትና በ1844 በወይኑ መጭበርበር ላይ ጠንካራ ጽሑፍ ያሳተሙት እንግሊዛዊው ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር በ1861 በዚያው ስፍራ ሰጥመው ቀሩ። አብረዋቸው ተሳፍረው የነበሩት ታዋቂዋ ባለእርሻ ዶና አንቶኒያ ፌሬይራ ግን ተርፈዋል፤ ያተረፋቸው የተነፋው ሰፊ ቀሚሳቸው ነው እየተባለ ይነገራል። ራቤሎዎቹ እስከ 1960ዎቹ ሠርተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግድቦች ተሠርተው ያ አስፈሪ ወንዝ ጸጥ ያለ ሐይቅ መሰለ።

በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት መቅሠፍት ተከታተለ። በ1850ዎቹ ኦይዲየም የተባለ የሻጋታ በሽታ መጣ። በ1860ዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ የገባው ፊሎክሴራ የተባለ ሥር የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ደረሰ። ነፍሳቱ ማሳውን ከነእርከኑ አደረቀው። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ብራዚል ተሰደዱ። ዶና አንቶኒያ የችግረኞችን ወይን ጠጅና መሬት በመግዛትና ሥራ በመስጠት ብዙዎችን ደግፈዋል፤ በ1896 ሲያርፉ ግን የሸለቆው ታላቅ ባለርስትም እርሳቸው ነበሩ። መፍትሔው የተገኘው ተባዩን ከሚቋቋመው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአገሩን ቅርንጫፍ በማዳቀል ነው። ዛሬ በዶውሮ የሚገኘው ወይን ሁሉ ማለት ይቻላል በባዕድ ሥር ላይ የቆመ ነው። ሳይተከሉ የቀሩት እርከኖች "ሞርቶሪዮ" ይባላሉ፤ ቃሉ ከሞት ጋር የተያያዘ ነው። ከወንዙ ማዶ ሲታዩ ካባቸው አሁንም ቆሞ ቁጥቋጦ ወርሷቸዋል።

የገበሬው ቤትና የማኅበራቱ ጓዳ

የተከለለው ወሰን በ1907 እንደገና በሕግ ጸና። በ1914 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የንግድ ውል ግን ሌላ የፖርቱጋል ወይን ሁሉ በፖርት ስም እንዲሸጥ በር ይከፍታል ተብሎ ስለተፈራ፣ በሐምሌ 1915 ገበሬዎች ላሜጎ ከተማ ላይ ተቃውሞ ወጡ። ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ የሞቱም ነበሩ። አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው ሰዎቹ የሞቱት ለመሬት ወይም ለግብር ሳይሆን ለስም መሆኑን ነው። ስሙ ከሄደ መሬቱ ድንጋይ ብቻ እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

በ1932 ካዛ ዶ ዶውሮ፣ ማለትም የዶውሮ ቤት፣ የአምራቾች ድርጅት ሆኖ በሬጉዋ ከተማ ተቋቋመ። አባልነቱ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነበር። ድርጅቱ የእያንዳንዱን ማሳ መዝገብ ይይዛል፤ የተረፈውን ምርት ይገዛል፤ አረቄውን ያከፋፍላል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማሳዎች በ12 መመዘኛዎች ነጥብ ይሰጣቸው ጀመር። ቦታው፣ ከፍታው፣ አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ ዝርያውና የተክሉ ዕድሜ ከመመዘኛዎቹ መካከል ናቸው። ከ1,200 ነጥብ በላይ ያገኘ ማሳ "ሀ" ደረጃ ይባላል። በየዓመቱ ስንት ፒፓ ፖርት እንደሚመረት ይወሰንና ኮታው እንደ ደረጃው ለገበሬው ይደለደላል። ከኮታው ውጭ ያለው ፍሬ ለተራ ወይን ጠጅ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። አንድ ገበሬ ከአንዱ ማሳ የለቀመውን አንድ ዓይነት ፍሬ በሁለት ዋጋ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሸለቆው የኅብረት ሥራ ወይን መጥመቂያዎች ተስፋፉ። በግሉ ገንዳም በርሜልም መግዛት የማይችል ባለግማሽ ሄክታር ገበሬ ፍሬውን ለማኅበሩ አስረክቦ በክብደትና በስኳር መጠን ይከፈለው ጀመር። በ1952 የተመሠረተው የፋቫዮስ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋቫዮስ ከፍ ያለ አምባ ላይ በመሆኑ በፖርት ነጥብ አሰጣጥ ከፍታው ይጎዳዋል። አባላቱ ግን ለዚያ ቅዝቃዜ በሚስማማው ሞስካቴል በተባለው ነጭ ወይን ላይ አተኩረው በራሳቸው ስም ጣፋጭ ወይን ጠጅ አወጡ። በዚህም የመንደራቸው ስም በመላ ፖርቱጋል ታወቀ።

ትልቁ ድርጅት እንዲህ አልቀናውም። እስከ 1986 ድረስ ፖርት ወደ ውጭ የሚላከው ከጋያ መጋዘኖች ብቻ ነበር። ያ ገደብ ሲነሣ አምራቹ ራሱ አሽጎ ለመላክ ዕድል አገኘ። በ1990 ካዛ ዶ ዶውሮ በንግዱ ውስጥ ለመግባት ሲል ከአንድ ትልቅ ላኪ ኩባንያ 40 በመቶ አክሲዮን በብድር ገዛ። ሐሳቡ ገበሬው ከዳገቱ ወርዶ ወንዙ አፍ ላይ እንዲቀመጥ ነበር። ነገር ግን በ40 በመቶ የኩባንያውን አመራር መያዝ አልተቻለም፤ ዕዳው ብቻ ቀረ። በዓመታት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ አልፎ የገበሬው ጥሪት የነበረው አሮጌ ወይን ጠጅ መያዣ ሆነ። በ2014 መንግሥት የድርጅቱን ሕዝባዊ ሥልጣን አነሣ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2024 እንደገና እንዲቋቋም ሕግ ወጣ።

በአሁኑ ጊዜ በተከለለው አካባቢ ወደ 20,000 የሚጠጉ አምራቾች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ይዞታቸው አነስተኛ ነው። ከ1952 ጀምሮ በታወቀው "ባርካ ቬልያ" መንገድ የከፈተው፣ አረቄ የማይጨመርበት የዶውሮ ወይን ጠጅ ገበያ አግኝቷል። የፖርት ሽያጭ ግን እየቀነሰ ነው። በ2023 ለፖርት የተፈቀደው 104,000 ፒፓ ሲሆን በ2025 ወደ 75,000 ወርዷል። ገዢ ያጡ ገበሬዎች በ2025 ሬጉዋ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ወደ ፖርት የሚጨመረው አረቄ ከሌላ አገር መምጣቱ ቀርቶ ከዶውሮ ትርፍ ወይን እንዲወጣ ነው።