ዘግይቶ የመጣ አልበም፦ ግርማ በየነ እና የአቀናባሪነት ሙያ በአዲስ አበባ

አንጋፋ ድምፃውያን በሥራ ዘመናቸው ማምሻ ላይ ከሚያወጧቸው አልበሞች መካከል የግርማ በየነ ሥራ ለየት ያለ ስፍራ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 30ኛ ቁጥር ሆኖ፣ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ አሳታሚነት የወጣው «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ» (ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች እንደማለት ነው) በረጅም የሙዚቃ ሕይወቱ ውስጥ በስሙ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ነበር። የመዘግየቱ ምክንያት ሊፈለግ የሚገባው በሰውየው ጠባይ ሳይሆን የአዲስ አበባ የሸክላ ንግድ በተወለደበትና በተቋረጠበት መንገድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በዚህ መብት እምብዛም ስላልተጠቀመ፣ ዘመናዊው ሙዚቃ በየኦርኬስትራው እያደገ ሄዶ እንኳ የድምፅ ቅጂው ጥቂት ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ድንጋጌውን ተዳፍሮ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማሳተም ገበያውን ከፈተው፤ በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረም ቅጂው ወደ ህንድና ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። የአምሃ ሬከርድስ ሥራ እስከ 1975 ሲቆጠር 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች ብቻ ነው። ፊሊፕስንና ካይፋን የመሳሰሉ ሌሎች አሳታሚዎች ሲጨመሩም፣ እስከ 1978 ድረስ በአገሪቱ የወጣው በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጋ ነጠላ ሸክላ ሲሆን ትልቁ ሸክላ ግን 30 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ዘፋኝ የሚታወቀው በዘፈኑ እንጂ በአልበሙ አልነበረም።

ነጠላ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ በየገጹ አንድ ዘፈን፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ያህል የሚይዝ ትንሽ ሸክላ ነው። ይህ ጠባብ ጊዜ ከማንም ይልቅ የፈተነው አቀናባሪውን ነበር። አቀናባሪ ማለት ዜማና ግጥም ተቀብሎ መግቢያውን የሚሠራ፣ ባሱ ምን እየመላለሰ እንደሚሄድ፣ ነፋስ መሣሪያዎቹ ለድምፃዊው የት ቦታ ላይ መልስ እንደሚሰጡና የት ዝም እንደሚሉ የሚወስን ባለሙያ ነው። ቀደም ሲል ይህ ሥራ የደመወዝተኞች ነበር፤ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሳህሌ ደጋጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠርተውታል። በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ የግል ባንዶች ሲበዙ ግን አቀናባሪነት በዘፈን ሂሳብ የሚሠራ ሙያ ሆነ፤ ፒያኒስቱ ግርማ በየነም ከሙላቱ አስታጥቄና ከለማ ደምሰው ጋር የዚህ አዲስ ዘመን ሰው ነው።

ግርማ ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ከ60 በላይ ዘፈኖችን ለሌሎች ድምፃውያን አቀናብሯል፤ ከዓለማየሁ እሸቴ ጋርም የሁለቱን ስም ያጣመረውን ዓለም ግርማ ባንድን አቋቁሟል። በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ገዢው ከሸክላው ላይ ጎልቶ የሚያነበው የዘፋኙን ስም ስለነበር፣ የአቀናባሪው ድካም በሌላው ዝና ውስጥ ሟሟ። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ድርሰቱ «ሙዚቃዊ ስልት» እንኳ ለብዙ አድማጭ የዋሊያስ ባንድ ዜማ እንጂ የግርማ አይደለም። ይህ ኢፍትሐዊ ቢመስልም የሙያው ጠባይ ነው፤ ጥሩ ቅንብር አድማጩ ድምፃዊውን ብቻ የሰማ እንዲመስለው ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ አዳከመው፤ አምሃ ተሰደደ፤ ሸክላውም በካሴት ተተካ። ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሲሄድ ግርማ አብሮ ሄዶ፣ ከባንዱ አባል ከኃይሉ መርጊያና ከሌሎች ጋር እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ስሙ በሙዚቃው ዓለም አልተሰማም። ወደ አድማጭ የመለሰው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ የድሮዎቹን ሸክላዎች እንደገና ማሳተሙ ነው፤ ከዘፋኙ ስም ጋር የአቀናባሪው ስምም ተነሣና፣ ግርማም ወደ አገሩ ተመለሰ።

አልበሙን አብሮት የሠራው አካለ ውቤ የተባለው የፓሪስ ቡድን ነው፤ ስሙም ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ከተጫወተው ዜማ የተወሰደ ነው። አምስቱ ፈረንሳይ የሚኖሩ አባላት ሳክስፎን፣ ጥሩምባ፣ ጊታር፣ ባስና ከበሮ የሚጫወቱ ሲሆኑ፣ ሙያውን የተማሩት ከእነዚያው ሸክላዎች፣ ማለትም በከፊል ከግርማ ከራሱ ቅንብር ነበር። እንዲህ ያለ መገናኘት ከሌሎች አንጋፋ አልበሞች ይለየዋል፤ ብዙውን ጊዜ ወጣት ቡድን አንጋፋውን በአዲስ ድምፅ ሊያለብሰው ይሞክራል፣ እዚህ ላይ ግን ወጣቶቹ የያዙት የአንጋፋውን የቀድሞ ዘዴ ነበር።

ጌታቸው መኩሪያ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን፣ ኃይሉ መርጊያም በ2018 «ላላ በሉ»ን ያወጡት በዚሁ መንገድ፣ በውጭ አሳታሚና በቅድሚያ ለውጭ ገበያ ነው። በአዲስ አበባ ሸክላውን የተካው ካሴት ራሱ የግርማ አልበም ሲወጣ ከገበያ ወጥቶ፣ ዘፈን በፍላሽና በስልክ የሚገለበጥ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህም አልበሙ ሙዚቃው በተወለደበት ከተማ የሚሸጥበት መደርደሪያ ማግኘት ከባድ ነበር።